ካቃጠለ ይሠራል ያለው ማነው?

እንደምን ዋላችሁ! አይ፣ ይሄ አነሰ። እንደምን ዋላችሁ? አሁን ጥሩ ነው። ከኋላ የቆማችሁ፣ እዚህ ፊት ለፊት ወንበር አለ፤ ኑ፣ አትፍሩ፤ ዛሬ ማንንም አልመረምርም።

ለጋበዛችሁኝ አመሰግናለሁ። «ስለ ጨጓራ ንገረን» ነው የተባልኩት። ጨጓራ ከተባለ ደግሞ ሁሉም ሰው ሐኪም ነው። አንድ ሰው ሆዱን ይዞ ጎንበስ ካለ በአጠገቡ ያለው ሁሉ አንድ አንድ ቅጠል ያዝለታል። እኔ ዛሬ የማወራው ስለዚያ ቅጠል ነው። ለሆድ ተብሎ ተወስዶ ሆድን ስለሚጎዳው።

ሥራዬ ኢንዶስኮፒ ነው። ጫፉ ላይ ካሜራ ያለው ቱቦ በአፍ አስገብቼ የምግብ ቧንቧውን፣ ጨጓራውን፣ የትንሹን አንጀት መጀመሪያ አያለሁ። በታች በኩል ደግሞ ትልቁን አንጀት። ስለዚህ ሰው የዋጠው ነገር ውስጥ ገብቶ ምን እንዳደረገ በዓይኔ ነው የማየው።

ከእናንተ መሃል «ይሄ ሰውዬ ቅጠል ሊያጣጥል ነው የመጣው» ያላችሁ አላችሁ አይደል? እዚህ ጋ ፈገግ ያላችሁትን አይቻለሁ። እንደዚያ አይደለም። የአስፒሪን ታሪክ የሚጀምረው ከአኻያ ዛፍ ቅርፊት ነው። ሞርፊን ከእፅ የተገኘ ነው። ለወባ የምንሰጠው አርቴሚሲኒን ከቅጠል የወጣ ነው፤ ያገኘችው ቻይናዊት ተመራማሪ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት ወስዳበታለች። እሷ ምን አደረገች መሰላችሁ? ቅጠሉን እየቀቀሉ ሲሞክሩ ውጤቱ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። ከ1,600 ዓመት በፊት የተጻፈ የመድኃኒት መጽሐፍ አገላብጣ አየች። መጽሐፉ ቅጠሉን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ ነው የሚለው፣ ቀቅል አይልም። ሙቀቱ መድኃኒቱን ያበላሸው ይሆናል ብላ በዝቅተኛ ሙቀት አወጣችው፣ ተሳካላት። ከዚያ እንስሳ ላይ ሞከረችው፣ ከዚያ ራሷ ወሰደችው፣ ከዚያ በኋላ ነው ለታማሚ የተሰጠው። አያችሁ? ቅጠሉ ያው ነው። ልዩነቱ አዘገጃጀቱና መጠኑ ነው።

ስለዚህ ጠቤ ከቅጠል ጋር አይደለም። ጠቤ ከአንድ አስተሳሰብ ጋር ነው። ካቃጠለ ይሠራል። ካስመለሰ መርዙን አወጣ። ካስቀመጠ ሆድ ጠረገ። መራራ ከሆነማ፣ እሱማ ዋናው ነው! ስንቶቻችሁ ይሄን ሰምታችኋል? ስንቶቻችሁስ ለልጃችሁ ብላችኋል? እጅ አታውጡ፣ ግድ የለም።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ ሰውነታችን «ተጎዳሁ» ብሎ ሲጮህ እኛ «ዳንኩ» ብለን እንሰማዋለን። እናም መጠኑን እንጨምራለን። አሁንም ደግሜ እለዋለሁ፤ ተጎዳሁ ሲል፣ እኛ እንጨምራለን!

ይሄን ያልተማረ ሰው ብቻ የሚያስበው እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1793 ፊላዴልፊያ ከተማ ውስጥ ቢጫ ወባ ገባ። በከተማው ስመ ጥር የነበረው ሐኪም ቤንጃሚን ረሽ ነው፤ የአሜሪካን የነፃነት አዋጅ ከፈረሙት አንዱ። በሽተኞቹን በምን ያክማቸው ነበር? ጃላፕ የሚባል ኃይለኛ የሚያስቀምጥ ሥር ከሜርኩሪ ውሕድ ጋር ደባልቆ ይሰጣቸዋል፣ በዚያ ላይ ደም ያፈሳቸዋል። ያስመልሳቸዋል፣ ያስቀምጣቸዋል፣ ይዝላሉ፤ እሱ ግን በሽታው እየወጣ ነው ይላል። በኋላ ደግሞ ሉዊስና ክላርክ የሚባሉት አሳሾች አህጉሩን ሊያቋርጡ ሲነሱ የእሱን እንክብል 600 ያህል ይዘው ነው የሄዱት። ሰው ለእንክብሉ ያወጣለት ቅጽል ስም ነጎድጓድ ነበር። ለምን እንደሆነ እናንተው ገምቱ! (ሳቅ) ትልቅ ሐኪም ነበር፣ ደግ ሰውም ነበር ይባላል። ግን ጉዳቱን ፈውስ አድርጎ ነበር የሚያነበው።

እሺ፣ ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ ስለሚያቃጥለው፣ ሁለተኛ ስለሚያስቀምጠው፣ ሦስተኛ ድምፁን አጥፍቶ ስለሚጎዳው። ሰዓት ከተረፈን አራተኛ አለኝ።

አንደኛ። የሚያቃጥለው።

የምግብ ቧንቧችን 25 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጨጓራ አሲድ የሚያመነጭ ስለሆነ ራሱን የሚከላከልበት ወፍራም ልባስ አለው። የምግብ ቧንቧው ግን ያ ልባስ የለውም። እሱ የተሠራው ለማሳለፍ ነው። የሚያቃጥል ነገር እላዩ ላይ ከተቀመጠበት ይላጣል።

አንዲት ወጣት መጣች። ምራቋን መዋጥ አቅቷታል። ትንሽ ፎጣ ይዛ እየተፋች ነው የገባችው። ምን ወሰድሽ? «ምንም»። ምንም? «ነጭ ሽንኩርት ብቻ»። ጨጓራሽ ውስጥ ባክቴሪያ አለ ተብላ ነበር፣ መድኃኒትም ታዞላት ነበር፣ ግን አንድ ሰው «ባክቴሪያውን ነጭ ሽንኩርት ይገድለዋል» አላት። ማታ ልትተኛ ስትል አንድ ትልቅ ፍሬ ትንሽ ጠቅጠቅ አድርጋ፣ ሳታኝክ፣ በአንድ ጉንጭ ውኃ ትውጣለች፤ ከዚያ ጋደም ትላለች። ፍሬው መሃል መንገድ ላይ ቀረ። ቦታውም የታወቀ ነው፤ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር ቧንቧውን ጫን የሚልበት ጋ ጠበብ ይላል፣ እዚያ ነው ነገር የሚቀረቀረው። ካሜራውን ሳወርድ ሁለት ቁስል አየሁ። ፊት ለፊት። አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ ግድግዳ፣ ጠርዛቸው ነጭ፣ መሃላቸው ቀይ። ፍሬው መሃል ተቀምጦ ሁለቱንም አቃጥሏቸዋል ማለት ነው።

ነጭ ሽንኩርት ሲቀጠቀጥ አሊሲን የሚባል ነገር ይፈጠራል። ያ ሽታውና የሚለበልበው እሱ ነው። ቀጥቅጠው ቆዳቸው ላይ አስረው ያደሩ ሰዎች ቆዳቸው ተቃጥሎ ውኃ ቋጥሮ ሐኪም ቤት ይመጣሉ። ቆዳን እንዲህ ካደረገ ቧንቧን ምን ያደርጋል?

«ታዲያ ሲያቃጥልሽ ለምን አላቆምሽም?» አልኳት። መልሷን አልረሳውም። «ባክቴሪያው እየሞተ መስሎኝ» አለችኝ።

ስለ ባክቴሪያው ካነሳሁ አይቀር ትንሽ ልጨምር። ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ ይባላል። በፊት የጨጓራ ቁስል የሚመጣው በጭንቀትና በአሲድ ነው ይባል ነበር። አውስትራሊያዊው ሐኪም ባሪ ማርሻል ግን ምክንያቱ ባክቴሪያው መሆኑን ሊያሳይ እ.ኤ.አ. በ1984 ባክቴሪያውን በብርጭቆ ጭልጥ አድርጎ ጠጣው። ታመመ። ጨጓራው መቆጣቱም በምርመራ ታየ። እሱና ባልደረባው ሮቢን ዋረን እ.ኤ.አ. በ2005 ኖቤል ተሸለሙበት። (እናንተ እንዳትሞክሩት!) ባክቴሪያውን የሚያጠፋው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ከአንቲባዮቲኮች ጋር ነው፣ ብዙ ጊዜ ለ14 ቀን። ነጭ ሽንኩርት ብቻውን አያጠፋውም። ለምግብ ግን ብሉት፣ ከምግብ ጋር ምንም አይላችሁም።

ከሚያቃጥሉት ሁሉ እኔን የሚያስፈራኝ የአመድ ውኃ ያለበት ቅልቅል መድኃኒት ነው። የአመድ ውኃ አልካሊ ነው። አልካሊ ሥጋውን እያሟሟ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ላይ ላዩን አይቆምም። ክፋቱ ደግሞ ሰውየው የተሻለው ሲመስል ነው የሚጀምረው። ሕመሙ ይቀንሳል፣ ሰው ይረሳዋል፣ ከዚያ ከሳምንታት በኋላ ቁስሉ ሲጠግግ ቧንቧው ይኮማተራል፤ መጀመሪያ ጠጣር ምግብ እምቢ ይላል፣ ቀጥሎ ለስላሳው፣ ቀጥሎ ውኃው። እሱን ደጋግመን በመሣሪያ እየለጠጥን ነው የምንከፍተው። ልጅ ሲሆን ልብ ይሰብራል።

እዚህ ጋ አንድ ትእዛዝ። ሰው የሚያቃጥል ነገር ከዋጠ አታስመልሱት! ጣት አታስገቡለት፣ «ያርሰዋል» ብላችሁ ወተት አትጋቱት፣ «ይሰብረዋል» ብላችሁ ሎሚ አትስጡት። ሲወርድ ያቃጠለው ሲመለስ ደግሞ ያቃጥለዋል። አፉን በውኃ ተጉመጥሞ ይትፋ፣ እናንተም ይዛችሁት ሩጡ። የጠጣበትን ዕቃ ከነቅሪቱ ያዙ። ይሄን ካልያዛችሁ ዛሬ የተናገርኩት ሁሉ ከንቱ ነው።

ሁለተኛ። የሚያስቀምጠው።

እዚህ ጋ ወሬው ብዙ ነው። መራራውን ነገር ላስቀድም።

ህንድ ውስጥ የቅል ጭማቂ ለጤና ይጠጣል። ብዙ ጊዜ ምንም አያደርግም። አልፎ አልፎ ግን አንዱ ቅል መራራ ይሆናል። መራራነቱን የሚያመጣው ኩከርቢታሲን የሚባል መርዝ ነው፤ ተክሉ ራሱን ከሚበላው የሚከላከልበት። ያንን የጠጡ ሰዎች ብዙም ሳይቆዩ ሆዳቸውን ይቆርጣቸዋል፣ ደም ያስመልሳቸዋል፣ የደም ግፊታቸው ይወርዳል። በ2010 እ.ኤ.አ. ሰው ሞቶበት የአገሪቱ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የባለሙያ ኮሚቴ አቋቁሞ አጣራ። ምክራቸው አጭር ነው፤ ከመጭመቃችሁ በፊት ቁራጭ ቅመሱ፣ መራራ ከሆነ ጣሉት። በቃ። ምላስ የተሰጠን ለዚህ ነው!  መራራ ነገር ይፈውሳል ብሎ ችሎ የሚጠጣ ሰው ግን አለ።

ጉሎን ደግሞ ታውቁታላችሁ። ዘይቱ የሚያስቀምጥ ነው፣ በትክክል ሲዘጋጅ መርዙ ዘይቱ ውስጥ አይገባም። ፍሬው ግን ራይሲን አለው፤ ታኝኮ ከተዋጠ ማስመለስ፣ ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ ከባሰም ሞት አለ። ከአንድ ተክል ነው ሁለቱም። «ዘይቱ ጥሩ ከሆነ ፍሬው ይበልጣል» ብሎ የሚያስብ ሰው አለ፣ አጋጥሞኛል።

እሬትም እንደዚሁ ነው። ቅጠሉን ስትቆርጡት ከልጡ ሥር የሚንጠባጠበው ቢጫው ሌላ ነው፣ መሃል ያለው እንደ ውኃ የጠራው ዝልግልግ ሌላ ነው። ቢጫው ነው አንጀት የሚያሽከረክረው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ያለ ሐኪም ማዘዣ ከሚሸጡ የሚያስቀምጡ መድኃኒቶች ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2002 እንዲወጣ አድርጓል፤ ደህንነቱን የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበምና።

ኮሶም የሚያስቀምጥ ነው፣ ትሉንም ያስወጣል፣ ይሄ ውሸት አይደለም። ግን ለአንድ ሰው የበቃው መጠን ሌላውን ይጥለዋል። አሁን ለኮሶ ትል ፕራዚኳንተል አለ፣ ኒክሎሳማይድ አለ፣ ሰውየው አይንፈራገጥበትም። ትሉ ይሙት እንጂ ሰውየው አብሮ ለምን ይሠቃያል?

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ። አክስቴ ይሄን ብትሰማ ትቆጣኛለች፣ ግን እዚህ የለችም። ሆዷ ይደርቃል። ሰና ቅጠል ታፈላለች። ሰና ለጥቂት ቀን ሲሆን ጥሩ መድኃኒት ነው፣ እኛም እናዛለን፤ ማታ ከተወሰደ ጠዋት ይሠራል፣ ምክንያቱም ትልቁ አንጀት ደርሶ እዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች እስኪለውጡት ከ6 እስከ 12 ሰዓት ይፈልጋል። አክስቴ ግን ለዓመታት ነው የጠጣችው። አንድ ብርጭቆ አልበቃ ሲል ሁለት፣ ሁለቱ አልበቃ ሲል ቅጠሉን አብዝታ። ኮሎኖስኮፒ፣ ማለትም ትልቁ አንጀት በካሜራ የሚታይበት ምርመራ፣ ሲሠራላት ሮዝ መልክ ያለውና ለስላሳ መሆን የነበረበት አንጀት ጠቋቁሮ ዝንጉርጉር ሆኖ፣ የነብር ቆዳ መስሎ ታየ። ፎቶውን ሳሳያት «ይሄ የኔ ሆድ አይደለም» ብላ ካደች!

ደግነቱ መልኩ በራሱ ክፉ አይደለም፣ ቅጠሉ ሲቆም በወራት ውስጥ እየለቀቀ ይሄዳል። የሚያሳስበው ሌላው ነው። ሰው ብዙ ሲያስቀምጠው ውኃና ፖታሲየም ከሰውነቱ ይወጣል። ፖታሲየም ሲጎድል ጡንቻ ይዝላል፣ የልብ ምት ይዛባል፣ አንጀትም ጡንቻ ነውና እሱም ይሰንፋል። አንጀቱ ሲሰንፍ ድርቀት ይመጣል። ድርቀት ሲመጣ ምን ታደርጋለች? ቅጠሉን ትጨምራለች። ገባችሁ? በሽታውን የሚያመጣው መድኃኒቱ ሆኖ ያርፈዋል።

በታች በኩል ስለሚሰጠው ትንሽ ልበል፣ ብታፍሩም። ቅጠል ተጨምቆ፣ በርበሬ ወይም ሳሙና ተጨምሮበት በፊንጢጣ የሚሰጥ አለ። በአፍ ቢሆን ምላስ ይተፋዋል። እዚያ በኩል የሚተፋ ምላስ የለም። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ ይቃጠላል፣ ቱቦው ከተገፋ ይቀደዳል፤ ከተቀደደ ቆሻሻው ሆድ ዕቃ ውስጥ ይፈስሳል፣ ያ የቀዶ ሕክምና ጉዳይ ነው። ለሕፃንማ በፍጹም፣ በፍጹም አታድርጉ።

ሦስተኛ። ድምፁን አጥፍቶ የሚጎዳው።

ይሄኛው አያቃጥልም፣ አያስቀምጥም። ለዚህ ነው የሚያታልለው። ጃፓንና ታይዋን ውስጥ ሐኪሞች አንድ እንግዳ ነገር ማየት ጀመሩ። የትልቁ አንጀት የቀኝ ወገን ሰማያዊና ወይን ጠጅ ሆኖ ይገኛል። ራጅ ሲነሳ ደግሞ አንጀቱ ዳር ዳር የተበጣጠሱ ነጭ ክሮች ይታያሉ። ክሮቹ ደም መላሽ ሥሮች ናቸው፤ ኖራ ተጋግሮባቸው ደርቀዋል። ደሙ ከአንጀቱ እንደልብ አይመለስም፣ ስለዚህ አንጀቱ ያብጣል፣ ያማል፣ አንዳንዴ ይዘጋል። ምንድን ነው ብለው ታማሚዎቹን ሲጠይቁ፣ ብዙዎቹ ጋርዴኒያ የሚባል ተክል ፍሬ ያለበት የቅጠል መድኃኒት ለረጅም ዓመታት የወሰዱ ሆነው ተገኙ።

አሠራሩ ይገርማል። ፍሬው ውስጥ ጄኒፖሳይድ የሚባል ነገር አለ። ትልቁ አንጀት ሲደርስ ባክቴሪያዎች ወደ ጄኒፒን ይለውጡታል። ጄኒፒን ከፕሮቲን ጋር ሲገናኝ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሰማያዊ የምግብ ቀለም የሚሠራው በዚሁ ነው። ያ ነገር ተመጥጦ የሚሄደው በእነዚያ ደም ሥሮች ነው። አንድ ቀን ምንም፣ አንድ ወር ምንም። ከዓመታት በኋላ ግን ይሄው። ስለዚህ «እኔ ስንት ዓመት ጠጥቼው ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ሰዎች፣ እንዴት ታውቃላችሁ? አይታችሁታል?

ሌላም ቀላል የሚመስል አለ። ፕሲሊየም የሚባለው የዘር ገለባ፣ ተልባ። ውኃ ሲያገኙ ያብጣሉ፣ ድርቀትን የሚረዱትም በዚያ ነው። ደረቁን በማንኪያ ዋጥ አድርጎ ውኃ ያልጠጣ ሰው ግን ቧንቧው ውስጥ ያብጥበታል። ብዙ ውኃ፣ ቁጭ ብሎ። ይኸው ነው።

ሰዓት አለኝ? አሥር ደቂቃ? እሺ፣ አራተኛውን ላንሳ፤ ቅጠል ያልሆነው ቅጠል።

አንድ አባት ጥቁር ሰገራ፣ እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅ፣ አላቸው ተብለው መጡ። ገርጥተዋል፣ ሲቆሙ ያዞራቸዋል። ጨጓራቸው ውስጥ የሚደማ ቁስል አገኘሁ። «አባባ፣ የሕመም ማስታገሻ ይወስዳሉ?» «አልወስድም ልጄ፣ ኪኒን አልወድም፤ ለጉልበቴ ቅጠል ነው የምወስደው፣ ዱቄት ነው፣ በአንድ ቀን ነው ያስነሳኝ»። በአንድ ቀን! ይሄን ስሰማ ነው የጠረጠርኩት። የደረቀ ጉልበት በአንድ ቀን የሚያስነሳ ቅጠል እኔ አላውቅም። ዱቄቱ ሲመረመር ዲክሎፌናክ የሚባል፣ ጨጓራ ሊያቆስል የሚችል የሕመም ማስታገሻ ተገኘበት። ሻጩ እሳቸው የሸሹትን ኪኒን ፈጭቶ ነው የሸጠላቸው፤ መጠኑ ሳይታወቅ፣ ጨጓራ መከላከያ ሳይጨመርበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የአሜሪካው ባለሥልጣን ለመገጣጠሚያ ተብለው በተፈጥሮ ስም በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ እንዲሁ ያልተጻፈ ዲክሎፌናክና ዴክሳሜታሶን የሚባል ስቴሮይድ መድኃኒት አግኝቶ አስጠንቅቋል። ሁለቱ አንድ ላይ ደግሞ ለጨጓራ ክፉ ናቸው። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ቅጠል አዋቂውን አይደለም፣ እሱ ቢያንስ የሚያምንበትን ነው የሚሰጠው። ይሄኛው ግን ሌባ ነው።

እሺ፣ መቼ ነው የምትሮጡት? ደም ካስመለሳችሁ፣ ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካስመለሳችሁ። ሰገራ እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። መዋጥ ካቃተ፣ ልጅ ከሆነ ደግሞ ለሐጩ ዝም ብሎ ከፈሰሰ። ሆድ እንደ ጣውላ ከደረቀና መነካት ካልቻለ። እነዚህ ነገ አይባልላቸውም፣ ዛሬ ማታ ነው።

ስትመጡ ደግሞ ንገሩን! ስለ ፈጣሪ ንገሩን። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የምትሉት እናንተው ናችሁ፣ ከዚያ የጠጣችሁትን ትደብቁናላችሁ። ለምን እንደምትደብቁም አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችን እንቆጣለን፣ እናሸማቅቃለን። ያ የእኛ ጥፋት ነው፣ ባልደረቦቼም እዚህ ካላችሁ ስሙ። ቅጠሉን፣ ሥሩን፣ የተረፈውን በፌስታል ይዛችሁ ኑ። ስሙን ባታውቁት ግድ የለም፣ እናየዋለን።

ስገባ በር ላይ አንዲት እናት ያዙኝና «ዝንጅብልና ናና ልተው ወይ?» አሉኝ። እናቴ፣ ዝንጅብልዎን በሻይ ይጠጡ፣ ለማቅለሽለሽም ይረዳል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ከወሰዱ ግን አያብዙት፣ ለሐኪምዎም ይንገሩ። ናናው ላይ አንድ ነገር አለኝ፤ ናና በጨጓራና በምግብ ቧንቧ መሃል ያለውን በር ያላላዋል። ቃር ካለብዎት፣ ማታ ማታ ደረትዎን የሚያቃጥልዎት ከሆነ፣ ናናውን ለጥቂት ሳምንት ተወት አድርገው ይዩት። ቃር ከሌለብዎት ይጠጡ፣ እኔም እጠጣለሁ።

ሌላ ጥያቄ? እዚያ ከኋላ ያሉት አባት እጃቸውን ካነሱ ቆዩ፤ ማይኩ ይድረሳቸው እስቲ።